ቀለም የማይገባው ቤት

የእትዬ ማዞሪያ ቤት ከእኔ በረንዳ ፊት ለፊት ነው። የስፌት መኪናዬን ፔዳል እየረገጥኩ ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው እሱን ነው። ስለዚያ ቤት ቀለም ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ፣ ወይ የቤቱ ባለቤት ናቸው፣ ወይ ውሸታም ነው።

ቤቱ የእንጨት ነው፤ ሳንቃ በሳንቃ ላይ ተደራርቦ የተሠራ። የሠሩት የእትዬ ሟች ባለቤት ናቸው። «ማዞሪያ» የሚለውን ስም ሰፈሩ ያወጣላቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የስልክ ማዞሪያ ላይ ስለሠሩ ነው። እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል፤ አመላቸው ግን እስካሁን በሥራ ላይ ነው። ያልጣማቸውን ነገር የሚያወራ ሰው ሲገጥማቸው እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ያነሱና «መስመሩ ተይዟል» ብለው ይዘጉበታል። ሰውየው ፊት ለፊታቸው ቆሞም ቢሆን ይዘጉበታል።

አንድ ልጅ አላቸው። እሱን ደግሞ «ዋስትና» እንለዋለን፤ የሚሠራው ኢንሹራንስ ቤት ነው። «ደህና አደርክ?» ሲሉት «እስካሁን ባለው ሁኔታ» ብሎ የሚመልስ ሰው ነው። እናቱን ይወዳል፤ አልክድም። ችግሩ የሚወደውን ነገር ሁሉ የሚያየው ሊወድቅ፣ ሊቃጠል ወይም ሊሰረቅ እንደተዘጋጀ አድርጎ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ባለው አፓርታማው ውስጥ ለእናቱ አንድ ክፍል አሰናድቶላቸዋል። መጋረጃውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከዳተኛ አትበሉኝ፤ ሥራ ሥራ ነው።

ክረምት በመጣ ቁጥር እየመጣ «ይሄ ቤት ይወድቅብሻል» ይላል። ማስረጃው ቀለሙ ነው። ቀለሙን የሚገዛው ደግሞ ራሱ ነው! በየበጋው የአሥር ዓመት ዋስትና ያለው ቀለም በባልዲ በባልዲ ያመጣል፣ ያስቀባል፤ ክረምቱ ሲገባ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ይላጣል፤ እሱም የተላጠውን በጥፍሩ እየገነጠለ ይቆጣል። ዋስትናዎቹ ቢደመሩ ኖሮ የልጅ ልጆቻችን እንኳ ብሩሽ የሚባል ዕቃ ሳያዩ ባረጁ ነበር።

በጋው ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን እንዲሁ መስኮቱ ሥር ቆሞ መዳፍ የሚያህል ቀለም ገነጠለና ለእናቱ አሳያቸው።

«አየሽ እማዬ? የአሥር ዓመት ቀለም ነው፣ አንድ ክረምት አልቻለም። ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም፣ የቤቱ ነው። ይሄ ቤት ቀለም አይገባውም።»

«አይገባውም?»

«በፍጹም። አርጅቷል። ፈርሶ መገላገል ነው።»

«አንተስ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ቀለም መቼ ገብቶህ ያውቃል? አስተማሪዎችህ እየተቀባበሉ ‹ይሄ ልጅ ቀለም አይገባውም› ሲሉኝ አፈረስኩህ እንዴ?»

ሳቄን ስውጥ መርፌው ጣቴን ወጋኝ። እኔም ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ስለሆንኩ ከዚያች ቀን ጀምሮ ለቤቱ እንደ ወንድሜ ነው የማዝንለት።

ዋስትና ጆሮው ቀላ። ሲናደድ የቢሮ አማርኛ ይወጣዋል።

«እሺ፤ እንግዲያው እንስማማ። የፈለግሽውን ቀለም ራስሽ መርጠሽ ትቀቢያለሽ። ክረምቱ ሲወጣ መጥቼ አያለሁ። ከተላጠ ዕቃሽን ጠቅልለሽ እኔ ጋ ትገቢያለሽ፣ ቤቱም ይፈርሳል። ካልተላጠ ስለዚህ ቤት ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።»

«ከተላጠ ነው ያልከው?»

«ከተላጠ።»

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰምተሻል አይደል? ምስክር ነሽ።»

ምን ልበል? መኪናዬ እንኳ በዚያች ሰዓት ጸጥ ብላ ነበር።

እሱ ከሄደ በኋላ እትዬ አጥሩ ጋ መጡ። ሁልጊዜ የሚያስቀኝ ነገር ይዘው ነው የሚመጡት፤ ያን ቀን ግን ፊታቸው እንጨት እንጨት ይል ነበር። «አራተኛ ፎቅ ላይ ምን እሠራለሁ?» አሉኝ። «መስኮት ከፍቼ ደመና ልቁጠር? ደግሞስ ይሄን ቤት አፍርሼ እዚያ ማዶ ብሞት፣ ሰውየው ‹ቤቱን የት አደረግሽው?› ሲሉኝ ምን ልመልስ ነው?» ሰውየው የሚሉት ባለቤታቸውን ነው። ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፤ አሁንም መስመሩ ላይ እንዳሉ ነው የሚያወሩላቸው።

በማግስቱ አብረን ቀለም መሸጫ ሄድን። ባለሱቁ ነጭ ጋዋን ስለሚለብስ «ዶክተር» ይባላል። የተላጠችውን ቅርፊት ከእትዬ እጅ ተቀብሎ ወደ መብራት አነሳና ግንባሩን ቋጠረ።

«ይህ ነገር ከጀመረ ምን ያህል ጊዜ ሆነው?»

«በየዓመቱ ነው።»

«ዕድሜ?»

«የእኔን ነው የቤቱን?»

ዶክተር የጥያቄውን መልስ ሳይጠብቅ ማዘዣውን ሰጠ፤ ልዩ ፕላስቲክ ቀለም። «እንደ ላስቲክ ነው እናቴ። ይለጠጣል። አንዲት ጠብታ ውሃ አያሳልፍም።»

«ውስጥ ያለው ውሃስ በየት ይወጣል?»

«ውስጥ ምን ውሃ አለ?»

«እኔ አለሁ እንጂ! እተነፍሳለሁ። ሻይ አፈላለሁ። ልብስ አጥባለሁ። ብቻዬን ስሆን አንዳንዴም አለቅሳለሁ። ይሄ ሁሉ የት ይሂድ?»

ዶክተር ለዚህ የሚሆን መድኃኒት መደርደሪያው ላይ ፈልጎ አጣ። ወደ ቀለም ዓይነቱ ቢያልፍ ይሻላል ብሎ ካርዶች ዘረጋልን፤ «የማለዳ ጤዛ»፣ «የሙሽራ ጉንጭ»፣ «የሕልም ወተት»።

«ሁሉም ያው ክሬም ነው እኮ» አልኩት።

«ልዩነቱን ለማየት ዓይን ይፈልጋል እህቴ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ክር ከጨርቅ ሳመሳስል የኖርኩትን ሴትዮ ዓይን ይፈልጋል አለኝ! ካርዱን መለስኩለት። ለሙሽራዋ ግን አዘንኩ፤ ጉንጯ ያን ከመሰለ ሐኪም ቤት ነው መሄድ ያለባት።

እትዬ ካርዶቹን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። «የድሮው ቀይ የለህም? እንጨት የሚቀቡበት። ባለቤቴ ግቢ ውስጥ በትልቅ በርሜል ሲያፈሉት ትዝ ይለኛል።»

«እህ፣ ያ ቀይ አፈርና ዱቄት፣ ተልባም የሚገባበት? እሱ እንኳ በደንብ ከተሠራ ዕድሜ ልክ ነው። ዛሬ ግን ማን ይለፋል? ደግሞ ተልባው ራሱ…»

«ተልባ!» እትዬ ጭንቅላታቸውን መቱ። «እውነት ነው፣ ተልባ ተልባ ይሸት ነበር! በል፣ መስመሩ ተይዟል» ብለው ከነዓረፍተ ነገሩ ዘጉበት። ክንዴን ይዘው ጎትተው አወጡኝ። ዶክተር አፉን እንደከፈተ ከነጋዋኑ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ። እህል ቤት ገብተን ተልባ ገዛን። ከመንገድ ዳር ቁፋሮ ቀይ አፈር አመጣን፣ ነፋነው። በርሜል ጣድን። ውሃው ሲፈላ ተልባውን ከነፍሬው ጨመርነው፤ ዱቄቱን በተንነው፤ አፈሩን አፈሰስነው። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ይባላል፤ የእኛ ተልባ በርሜል ሙሉ ሆኖ ሲንጫጫ ግን የሚያስቆመው ሙቀጫ አልተገኘም። እትዬ በረጅም እንጨት እያማሰሉ «እንደዚህ ነበር፣ ልክ እንደዚህ ይወፍር ነበር» ይላሉ። እኔም «አዎ፣ ጥሩ ወፍሯል» እላለሁ፤ አይቼው የማላውቀውን ነገር።

ደግነቱ ለሙከራ የጀመርነው ከማድ ቤቱ የጀርባ ግድግዳ ነው። ብሩሹ ተነክሮ ሲወጣ እንደ ንፍጥ ይሳባል። ቢሆንም ቀባነው፤ ራቅ ብለን አየነው፤ ደስ የሚል ቀይ ነው። እትዬ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «በቃ አራተኛ ፎቅ ቀረ» አሉ።

ጠዋት ስነሳ ዶሮዎቼ የሉም። በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው ማድ ቤቱን ሲለቅሙት ደረስኩ። ከሥር እስከ አንገታቸው ልክ ድረስ ጠርገውታል። ከዚያ በላይ ያለውን ጉንዳን ተሰልፎ እየወሰደው ነው። ያ ቤት ቀለም አይገባውም እየተባለ ኖሮ ኖሮ፣ በመጨረሻ ራሱ ምግብ ሆኖ አረፈው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣና የተረፈውን ይዞት ወረደ፤ ቀይ ጎርፍ በበሩ ሥር ወጥቶ መንገዱን ሞላው። አንድ መንገደኛ ቆሞ «በሬ ነው ያረዳችሁት?» ሲል እትዬ «የለም፣ እኔን ነው» አሉት። ዶሮዎቼም ለጥቂት ቀናት ሆዳቸው አልያዝ ብሎ ግቢዬን አበላሹት። ተልባ ለሆድ ድርቀት ፍቱን ነው ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ እውነት ነው።

ክረምቱ ገና ማስፈራሪያውን ነበር የላከው፤ ዋናው አልገባም። እትዬ እንደገና ዶክተር ዘንድ ለመሄድ እግራቸው ከበደ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ እኔ ቀድሜ ገባሁ። የሠራነውን ስነግረው ዶክተር ባልዲ ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያስለው ሳቀ።

«ገንፎ ነው እኮ የቀባችሁት! ዘይቱን ነው፣ ዘይቱን! ከተልባ የተጨመቀ ዘይት!»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አሉ እትዬ ተቆጥተው።

«ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉብኝ እኮ እናቴ!»

በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ እትዬ ጥሪውን እስከ መጨረሻው ያዳመጡት። መጀመሪያ የድሮው ፕላስቲክ ቀለም እስከ እንጨቱ ይፋቃል። ውሃና ዱቄት እንደ ሙጫ ይበስላል፣ አፈሩ ይገባል፣ ዘይቱ መጨረሻ ላይ በቀጭኑ እየተንጠባጠበ ይማሰላል። ፕላስቲኩ እንጨቱ ላይ ይለጠፋል፤ ይሄ ግን እንጨቱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የሚላጥ ቆዳ የለውም። እትዬ «ይገባል?» አሉ፤ ዶክተር «ይገባዋል» አለ፤ እሳቸውም ወደ እኔ ዞረው ጠቀሱኝ።

ፍቂያው ወገቤን ቆረጠው። በመፋቂያና በብርጭቆ ወረቀት እየገፈፍን ወደ ውስጥ ስንሄድ ክሬም፣ ከሥሩ ሌላ ክሬም፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከሥሩ አረንጓዴ፤ የዋስትና ተስፋዎች በሙሉ እንደ ደብተር ተደራርበው ተገኙ። ከፕላስቲኩ ጀርባ እንጨቱ ላብ አርሶታል፤ ልክ ናይለን ሸሚዝ ለብሶ እንደሮጠ ሰው። ፀሐይ አንድ ሁለት ቀን ሲመታው ግን ደረቀ፣ ግራጫ ሆነ፤ በጣት ሲያንኳኩት ከበሮ ይመስላል። የበሰበሰው ከመስኮቱ ሥር ያለ አንድ ሳንቃ ብቻ ነው፤ አስቀየርነው። «ይወድቃል» የተባለው ቤት ይኸው ነው።

ቀባን። እንጨቱ ቀለሙን እንደ ተጠማ ሰው ጠጣው። ዶሮዎቼ መጥተው አንዴ ጠነቆሉት፣ አንዴ ተያዩ፣ ተመለሱ። የእነሱን ፍርድ ከዋስትና ፍርድ በላይ አምኜ ደስ አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የከነከነን። ዘይቱ ለመጨረሻው ባልዲ አልበቃም፤ ክረምቱም አፍንጫችን ሥር ደርሷል። ያንን ባልዲ በዘይት ጠብታ አታልለን የበረንዳውን ግድግዳ ቀባንበት። ሲደርቅ ደህና ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ጠዋት ለሰላምታ ገብቼ ትከሻዬ ቢነካው ቀሚሴ ቀላ። እትዬ አዩ፤ እኔም አየሁ። ሁለታችንም ስለ አየሩ ሁኔታ አወራን።

ክረምቱ ጥርሱን አፋጭቶ መጣ። ዝናቡ ከጎን ሲገርፍ እትዬ መስኮት ላይ ቆመው ሳንቃዎቹን በዓይናቸው ሲደግፉ አያለሁ። አንዳንዴ ከማዶ በጣቴ «እንዴት ነው?» እላቸዋለሁ፤ «መስመር ላይ ነው» ይሉኛል። አልተላጠም። አላበጠም።

ክረምቱ ጭራውን ሲያሳይ ዋስትና መጣ። ክሬም ጃኬት ለብሷል፤ ዶክተር ቢያየው «የማለዳ ጤዛ» ይለው ነበር። እትዬ ወንበሩን ከበረንዳው ግድግዳ አርቀው ግቢው መሃል አስቀምጠውለታል።

«ቁጭ በል እዚህ፣ ነፋሱ ደስ ይላል።»

«መጀመሪያ ልይ።»

ቤቱን ዞረ። በጥፍሩ ፋቀ። የስልኩን መብራት አብርቶ በየስንጥቁ ገባ። መስኮት ሥር ተንበርክኮ አፍንጫውን ሳንቃው ላይ ለጠፈ። አንዲት ቅርፊት አላገኘም። ሁለተኛ ዙር ዞረ፤ ዕድሜ ልኩን የሌለ ጉዳት ሲፈልግ ለኖረ ሰው ይሄ ዕረፍት ነው ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። በመጨረሻ ደክሞት በረንዳው ላይ ወጣና…

«አትደገፍ!» አሉ እትዬ።

ተደግፎ ነበር።

«ለምን?» ብሎ ዞር ሲል ጀርባውን አየሁት። ከትከሻው እስከ ወገቡ ሁለት ሳንቃ ተስሎበታል፤ ሚስማሩ ሳይቀር። እሱም ከእኛ ፊት አንብቦ ጃኬቱን አወለቀና አየው። መጀመሪያ ስለ ጃኬቱ ደነገጠ። ከዚያ ቀስ እያለ ፊቱ በራ።

«ለቀቀ! ቀለሙ ለቀቀ! እማዬ፣ ዕቃሽን ጠቅልዪ!»

እትዬ የበረንዳውን ቋሚ ያዙ። እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሊነሳ ሲል አየሁት፤ መሃል ላይ ቆመ፣ ወረደ። «ምን ብለን ነበር የተስማማነው?» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጥኗል።

«ከለቀቀ።»

«ከለቀቀ ነው ያልከው?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ጎረቤት መሆን ክፉ ነገር ነው። አጥሩን አልፌ ገባሁ፤ ጃኬቱን ተቀበልኩና ገልበጥ አድርጌ እንደ ባለሙያ መረመርኩት፤ ጊዜ ለመግዛት።

«‹ከተላጠ› ነው ያልከው» አልኩት።

«እሺ፣ ይሄስ ምንድን ነው? አልተላጠም?»

«የተላጠ ነገር ቅርፊት አለው። የታለ ቅርፊቱ? ይሄ ተጋባ ነው የሚባለው። ጨርቅና ጨርቅ አብሮ ሲታጠብ እንደሚጋባው።»

«እታለም፣ አንቺም ከእሷ ጋር ነሽ! መልቀቅና መላጥ ያው ነው!»

«ያው ነው?» እትዬ አንድ እርምጃ ቀረቡት። ድምፃቸው ተመለሰ፤ የድሮው የማዞሪያ ቤት ድምፅ። «አንድ ሰው ውሉ ላይ ‹ቃጠሎ› ብሎ ፈርሞ፣ ቤቱ በጎርፍ ቢሄድበት ትከፍሉታላችሁ?»

ዋስትና አፉን ከፈተ። ልጅነቱ «እንከፍላለን» ለማለት ይፈልግ ነበር፤ ሙያው ግን አንገቱን ያዘው።

«አንከፍልም» አለ።

ከዚያ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠ፤ ጃኬቱ እንደሆነ ሄዷል፣ ለሸሚዙም ሳይሳሳ ግድግዳውን ተደገፈ። እስቃለሁ ብዬ ነበር። አልሳቅኩም።

«እማዬ፣ እኔ ቀለሙ መቼ ጨነቀኝ» አለ ወደ መሬት እያየ። «እዚያ ፎቅ ላይ ሆኜ ዝናብ በመጣ ቁጥር እንቅልፍ የለኝም። ይሄኔ ወደቀባት እላለሁ። ብደውል ደግሞ ትዘጊብኛለሽ።»

ያንን ሁሉ ዘመን የሰው ድምፅ ሲያገናኙ የኖሩ ሴት፣ የልጃቸው ጥሪ የት ላይ ሲጮህ እንደነበር አሁን ገና ያገኙት መሰለኝ። ቀስ ብለው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ታዲያ እንደዚህ አትልም ነበር? ስለ ላስቲክ ቀለም ስትነዘንዘኝ ስንት ክረምት አለፈ!»

«እንደዚህ ብል ትሰሚኝ ነበር?»

«አልሰማህም ነበር» አሉ እትዬ። «ቢሆንም ማለት ነበረብህ።»

እኔ ጃኬቱን ይዤ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ባጥበውም ቀለሙ ከጃኬቱ እንደማይለቅ አውቃለሁ፤ ብቻ መውጫ ሰበብ ያስፈልገኝ ነበር።

አመሻሹ ላይ ክረምቱ የቀረውን አንድ ዝናብ አወረደ፤ በረዶ የቀላቀለ። እየሰፋሁ ነበር። ከማዶ መስኮቱ ተከፈተና እትዬ ብቅ አሉ፤ በሁለት እጃቸው መኪናሽን አቁሚ የሚል ምልክት አሳዩኝ። አቆምኩ። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ወደ ውስጥ ጠቆሙኝ። በረዶው ሳንቃውን ይቀጠቅጣል፤ በዚያ ሁሉ ቅጥቀጣ መሃል ይወድቃል ከተባለው ቤት የሚመጣ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ዋስትና የእናቱ አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ ሰፈር እስኪሰማው ያንኮራፋ ነበር።